ልብስ ሰፊው

ፊንታን ሂሊ በጡብ መዶሻው እጀታ ልጁን ዴክላንን አፉ ላይ ሲለው፣ ልጁ ደሙን ከነጥርሱ ተፍቶ ሳቀ። አባትና ልጅ እንዲህ ከሆኑ ከሌላው ምን ይጠበቃል? የቺካጎ ግንበኞችና ብረት ሠራተኞች ምሳቸውን ጥለው ተያያዙ። አካፋ ጭንቅላት ፈነከተ፣ የአንዱ ጆሮ ተቦጨቀ።

ጠቡ የቆየ ነው። ያን ጊዜ በብረት አጥንት ፎቅ መደርደር ገና አዲስ ነገር ነበር፤ ፊንታን ደግሞ ቤት የሚቆመው በግንቡ ውፍረት ነው ብሎ ያረጀ ግንበኛ ነው። ዴክላን የአባቱን ሙያ ትቶ አሥራ አምስተኛው ፎቅ ላይ ብረት ይመታል። ይህ ስስ ግድግዳ የለበሰ ሕንፃ አንድ ቀን ልጄን ይዞት ይወርዳል እያለ አባትየው እንቅልፍ አጥቷል። ስጋቱን በደግ ቃል መናገር ግን አልተማረም።

ዴክላን አፉን በእጅጌው ጠረገ።

"ግድግዳህ ምንም አልተሸከመም። ሕንፃውን የያዘው ብረቱ ነው፤ ግንብህ ልብሱ ብቻ ነው። አንተ ልብስ ሰፊ ነህ፣ አባዬ።"

ድብድቡ ቆመ። ለግንበኛ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

"የሰፋሁትን ቅደደውና እንየዋ" አለ ፊንታን።

"ቀድጄው ሕንፃው ከቆመስ?"

"ያኔ ከብረቱ ላይ ውረድ አልልህም። እስክሞት አልልህም።"

ዴክላን ትልቁን መዶሻ አንስቶ፣ አባቱ ሳምንቱን ሙሉ የደከመበትን የምድር ቤት ግድግዳ ከግርጌው ይወግረው ጀመር። ጡቡ ረገፈ። ሰው ሁሉ ወደ ጎዳናው ሸሸ፤ እነዚያ ጉረኛ ብረት ሠራተኞች ሳይቀሩ። ሕንፃው ግን ንቅንቅ አላለም። ዴክላን ባፈረሰው ቀዳዳ ውስጥ ቆሞ መዶሻውን እያወዛወዘ ፎከረ።

ልጁ ብረት ያውቃል፣ የጡብን ነገር ግን ረስቷል። ሕንፃው ባይወድቅም፣ ግርጌው የተቦረቦረ ግድግዳ ከአናቱ መናዱ አይቀርም። ከልጁ ራስ በላይ ስንጥቁ ሲሮጥ ያየው ፊንታን ብቻ ነበር። እየሮጠ ገብቶ በትከሻው ገጭቶ አሽቀነጠረው፤ ጡቡ በፊንታን ላይ ወረደ።

ዴክላን ጥፍሩ እስኪነቀል ቆፈረ። የአባቱ ደረት ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ዓይኖቹ ግን ልጁን አልፈው፣ ከላይ በብረቱ ላይ ደህና የተቀመጠውን የሁለተኛውን ፎቅ ግድግዳ ያያሉ።

"እውነትህን ነው" አለ። "አልወደቀም። በል ውጣ፤ ውረድ አልልህም።"

ዴክላን ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ተጣልቷል። አሁን ግን ወደ ሕንፃው ቀና አላለም። አባቱ ከሞተ በኋላም ጡቡን ማንሳቱን አላቆመም።