በሰዓቱ ክዳን ውስጥ የተጻፈው

የትነበርሽ በዚያ የሰዓት ኩባንያ የፊት በር ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ ዘአማኑኤል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይገባ የነበረው በጓሮ በር፣ ወደ ምድር ቤቱ መጠገኛ ክፍል ነበር። ከሞተ ሦስት ዓመቱ። እሷ ግን ዛሬ ከዴን ሃግ ወደ አምስተርዳም የመጣችው መሐላ የፈጸመች ተርጓሚ ስለሆነች ብቻ ነው፤ ኩባንያው በአንድ አሮጌ የኪስ ሰዓት ውስጥ የአማርኛ ጽሕፈት አግኝቷል። በወረቀቷ ላይ ያለው የአባቷ ስም ነውና የማን ሚስት እንደነበረች የጠረጠረ የለም።

«አንቺ ነሽ የትነበርሽ? ኤልናታን እባላለሁ፤ የኩባንያውን ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ» አላት ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎልማሳ። እናቱ ልትሆን ትችላለች፤ እሱ ግን እዚህ ነው ያደገው፣ አንቺታው አልከበደውም።

ሥዕልና ፎቶግራፍ የተሰቀለበትን ረጅሙን ግድግዳ እያስጎበኘ ወሰዳት። መሥራቹ ከነጢሙ፣ ልጁ ከነፈረሱ፣ የልጅ ልጁ ከነጀልባው። አንድ ሰዓት የያዘ እጅ ነበረ፤ ጥፍሩ የተወለወለ፣ ዘይት ነክቶት የማያውቅ። ከመጨረሻው ሰሌዳ ፊት ኤልናታን ቆመ። «1898፦ የአቢሲኒያው መልእክተኛ ሰዓት» ይላል። ከሥሩ አንበሳና ድንኳን ተስሏል።

«አያምርም? የእኛ ታሪክ እኮ ነው!» አለ።

«ሰዓቱ የት አለ?» አለች የትነበርሽ።

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ መጥተው ጨበጧት። ሽቷቸው የከረመ የአበባ ማስቀመጫ ውኃ ይሸታል። ነጭ ጓንት አጥልቀው የሰዓቱን የጀርባ ክዳን ከፈቱና አጉሊ መነጽር ሰጧት።

በመርፌ ጫፍ የተጫረ ነው፦ «ዘአማኑኤል፣ ጥር ፲፪ ቀን ፺፰»። የ«ል» እግር ወደ ላይ ተቆልምሟል። ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ባለው ቤቷ፣ ባሏ ማቀዝቀዣው ላይ ትቶላት በሚሄደው የአስቤዛ ወረቀትም እንዲሁ ነበር የሚቆለምመው። አጉሊ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የመልእክተኛው ስም ነው አይደል?» አለ ኤልናታን። «ዓመቱም ዘጠና ስምንት።»

«ሰዓት ሠሪ የጠገነውን ሰዓት ከውስጥ ይፈርምበታል፤ ቀጥሎ የሚከፍተው እንዲያውቅ። ይህ የጠጋኝ ፊርማ ነው። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ነው፤ በእነሱ 2006።»

ቀኗን አልረሳችም። የጥምቀት ማግስት ነበር፤ ቃና ዘገሊላ። ሮተርዳም ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ልጃቸውን ሐምራዊትን ነጭ አልብሰው ሳለ ከኩባንያው ስልክ ተደወለ፤ ደንበኛው ነገ ተጓዥ ነው ተባለ። ዘአማኑኤል ነጠላውን አጣጥፎ ወንበር ላይ ትቶ ሄደ።

ኤልናታን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ‹የባለቤቱ ስም› በይልኝ ብቻ። ምን ይጎዳሻል? የሀበሻ ስም ከፍ ይበል ብዬ እኮ ነው። ደግሞ ማን ያውቃል?»

«የጻፈው ያውቃል።»

«እና ማነው እሱ?»

«ከእግርህ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ የሠራ ሰው።»

ኤልናታን እያቅማማ ለሥራ አስኪያጁ በደች ነገራቸው። ሰውየው ጥቂት አሰቡና ሳቃቸው ፈነዳ። «ማኒ!» አሉ፤ ዘአማኑኤልን ሥራ ቦታ የሚጠሩት እንዲያ ነበር። «ያ ዝምተኛው! እንግዲያው ችግር የለም፤ ይወልወልና ይጥፋ። ሰሌዳው እንዳለ ይቀመጥ።» እንደ ሾርባ ጠብታ ሊጠርጉት ነው። አውራ ጣታቸው በጓንቱ ውስጥ ክዳኑን ያሽ ነበር።

ልትጮህ ትችል ነበር። ባሌ ነው ብትል ያዝኑላታል፤ ቡና ያቀርቡላታል፤ ከአንበሳው አጠገብም ትንሽ ፎቶግራፉን ይሰቅሉለታል። ይህ ከውልወላው ይልቅ አስጠላት።

ላፕቶፗን ከፍታ ሁለት መስመር ተረጎመች፤ «የጥገና ፊርማ» ብላ ማብራሪያ ጨመረችና በቢሮው ማተሚያ በወረቀት አወጣችው። ኩባንያው ራሱ የላከላትን የክዳኑን ፎቶግራፍ ከትርጉሙ ጋር በስቴፕለር አያይዛ፣ ግማሹ በፎቶግራፉ፣ ግማሹ በትርጉሙ ላይ እንዲያርፍ ማኅተሟን መታች። ሁለት ቅጂ።

«አንዱ የእናንተ ነው። ሌላው እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሕጋችን ነው» አለች በጠራ ደች። «ክዳኑን መወልወል ትችላላችሁ። ስለ ሰዓቱ የሚጠይቀኝ ካለ ግን ይህን አሳየዋለሁ።»

የሥራ አስኪያጁ አውራ ጣት ቆመ።

ኤልናታን እስከ በሩ ሸኛት። «ሰሌዳውን ማውረዴ ነው በቃ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ታውቂው ነበር እንዴ?»

«ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ።»

ከሕንፃው ፊት ያለውን የውኃ ቦይ ተሻግራ መሐረብ አወጣችና የተጨበጠችበትን መዳፍ ጠረገች፤ ሽቶው አልለቀቀም። ባቡሩ ውስጥ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ሄዳ በሳሙና ታጠበች፤ ደገመች። ቦታዋ ስትመለስ ቅጂዋን አውጥታ የመዝገብ ቁጥር ጻፈችበት። ከቁጥሩ ቀጥሎ «የጸሐፊው ስም» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ የባሏን ሙሉ ስም ከነአባቱ ሞላች። ሐምራዊት ስትደውል «ሥራ እንዴት ነበር እማ?» አለቻት።

«አጭር ነበር» አለች የትነበርሽ።