በሳክስፎን የምተረጉመው ፊልም

ከጉርድ ሾላ እስከ ለሚ ድረስ የእንግሊዝኛ ፊልም እንደ እኔ እንደ ደሪቱ ፈዬራ አድርጎ የሚተረጉም ሰው የለም። አለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንግጠም። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ያቆምኩትም ደደብ ሆኜ ሳይሆን የላሞቻችንን ወተት ከተማ የሚያደርስ ሰው ጠፍቶ ነው።

እሁድ እሁድ መጨረሻ ላይ ወተት የማደርሰው ገርጂ እትዬ ወርቅዬ ቤት ነው። መጨረሻ ያደረግኩትም ሆን ብዬ ነው፤ እዚያ ቤት ቴሌቪዥን አለ። ከሰዓት በኋላ የድሮ የፈረንጅ ፊልም ይመጣል። በፊልሙ ውስጥ ሁልጊዜ ይዘንባል፣ ሁልጊዜ ጨለማ ነው፣ ወንዶቹ ቤት ገብተው እንኳ ባርኔጣ አያወልቁም፣ ሴቶቹ ሲጋራ እያጨሱ ይዋሻሉ። እትዬ ወርቅዬ እንግሊዝኛ አይችሉም። "ምን አለ?" ይሉኛል፣ እኔም እነግራቸዋለሁ።

እንዴት እንደምነግራቸው ለእናንተ ብቻ ልናገር፦ በሙዚቃው ነው። ጃዝ የሚሉት ሙዚቃ ነው። ሳክስፎኑ ቀስ ብሎ እየተለመጠ ከመጣ በር ላይ ቆንጆ ሴት ቆማለች፤ እንዳታምኗት። ቤዙ ዱም፣ ዱም፣ ዱም ካለ ሰውዬውን ከኋላ የሚከተለው አለ። ከበሮውን እንደ ወለል በመጥረጊያ ሹ፣ ሹ ካደረጉት ሰውዬው እያሰበ ነው። ትራምፔቱ ብቻውን ከጮኸ በቃ፣ አንዱ ሞቷል። የጎደለኝን ቃል ደግሞ ከቀበሌ ስብሰባ እወስዳለሁ። ክፉውን ሰውዬ "ይሄ አድኃሪ ነው" እላለሁ። ሴትዮዋ ጆሮው ላይ ስትንሾካሾክ "ንቃ፣ እርምጃ ሊወስዱብህ ነው እያለችው ነው" እላለሁ። እትዬ ወርቅዬም "አራተኛ ክፍል ድረስ እንዴት ያለ ትምህርት ነው የሚሰጡት!" ይሉልኛል።

ባላቸው ጋሼ ተካልኝ መስኮቱ ሥር ብርድ ልብስ ለብሰው ይቀመጣሉ። ሃያ ዓመት ሆቴል ውስጥ ለፈረንጆች ሳክስፎን የነፉ ሰው ናቸው። ሰዓት እላፊ ከታወጀ በኋላ የማታው ሙዚቃ ቀረና እቤት ዋሉ። ከሦስት ወር በፊት ግቢያቸው ውስጥ ወደቁ። ግራ ጎናቸው ሰነፈ፣ አፋቸውም ጠመመ። ሐኪሙ "ምላሳቸው ደህና ነው፣ መናገር ይችላሉ፣ ይሞክሩ" ብሎ ነበር። አንድ ጊዜ ሞከሩና ምራቃቸው ሸሚዛቸው ላይ ወረደ። እሳቸው ደግሞ ያለ ከረባት ከደጅ የማይወጡ ሰው ነበሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭጭ አሉ።

አንድ እሁድ ቀኝ እጃቸው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ብርድ ልብሱ ላይ ጣቶቻቸው ይሄዳሉ። ሙዚቃውን የሚከተሉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየቀደሙት ነው! ዜማው ወዴት እንደሚታጠፍ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያማ ምን አለፋኝ፤ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ነቅዬ ጣታቸው ላይ ተከልኩት። ጣታቸው ቀጥ ሲል "አሁን ሰው ይሞታል" እላለሁ፤ ወዲያው ጧ! ተኩስ። እትዬ ወርቅዬ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ያዩኛል።

በሦስተኛው እሁድ ጣቶቹ ልስልስ ብለው ሄዱ። "አሁን ይሳሳማሉ" አልኩ። ሰውዬው ከፎቅ ተወረወረ።

"እንዲህ ነው እንዴ የሚሳሳሙት?" አሉ እትዬ ወርቅዬ።

ዞር ብዬ ጋሼን ሳያቸው ደህናው የከንፈራቸው ጫፍ ነቅነቅ አለ። ቀልደውብኛል! ሰውዬው ሁሉን ይሰማሉ ማለት ነው። እንዲያውም ተንኮለኛ ናቸው።

ይህንን ለእትዬ ወርቅዬ መንገር ነበረብኝ። ግን ብነግራቸው እንግሊዝኛዬ ከሰው ጣት የመጣ መሆኑ ሊታወቅ ነው። ዋጥኩት።

በሚቀጥለው እሁድ ኩሽና ወተቱን ስገለብጥላቸው እትዬ ወርቅዬ በሩን ገርበብ አደረጉት።

"ደሪቱ፣ የወደቀ ዕለት ጠዋት ተጣልተን ነበር" አሉኝ በቀስታ። "ሳክስፎኑን ሲወለውል፣ 'ኧረ ይሄን ጡሩንባ ተወው፣ ከእንግዲህ ማን ሊሰማህ ነው' አልኩት። ወጣ፣ ወደቀ። አሁን ቀን ከሌት አዋራዋለሁ፤ ዝም ይለኛል። እየሰማኝ ከሆነ ዝም የሚለኝ ተቀይሞኛል። የማይሰማኝ ከሆነ ደግሞ የለም። የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም።"

ባዶ ቆርቆሮዬን አንስቼ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄድኩ።

ከዚያ ፊልሙ ጀመረ። እትዬ ወርቅዬ ትሪ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር እየለቀሙ ያያሉ። ፊልሙ ሲያልቅ አካባቢ ሰውዬው መብራት ሥር ቆሟል፤ ዝናቡ ከባርኔጣው ጫፍ ይንጠባጠባል። ሴትዮዋ ፊት ለፊቱ ናት። ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ሳክስፎኑ ብቻውን ቀረ። የጋሼ ጣቶች አብረውት ሄዱ። ያን ቀን ተንኮል አልነበረባቸውም። ሰውዬው አፉን ከፈተ።

"ምን አለ?" አሉ እትዬ ወርቅዬ።

ጣቶቹን አየሁ። እትዬ ወርቅዬን አየሁ።

"'ሰምቼሻለሁ' አላት።"

"እሺ?"

"'ያልሽኝን ሁሉ ሰምቼሻለሁ። አልተቀየምኩሽም። ዝም ያልኩሽ አፌ ስለጠመመ አፍሬ ነው' አላት።"

እትዬ ወርቅዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው አተኮሩ። "የቱ ጋ ነው የጠመመው? ቀጥ ያለ አፍ አይደል እንዴ?"

"ጨለማ ስለሆነ ነው፣ እትዬ።"

"እሷስ ምን አለችው?"

"ምንም አላለች። እያለቀሰች ነው።"

ሴትዮዋ እንኳን ልታለቅስ ሲጋራዋን እየለኮሰች ነበር። የሚያለቅሱት እትዬ ወርቅዬ ነበሩ፤ እንባቸው ምስሩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ብርድ ልብሱ ላይ ያሉት ጣቶች ቀጥ አሉ። ሰው ሊሞት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

"ውሸት... ነው።"

ድምፁ የመጣው ከመስኮቱ ሥር ነው። ወፍራም ነው፣ እርጥብ ነው፣ አንዱ ቃል ሌላው ላይ ይደናቀፋል።

"ታክሲ... ጥሪልኝ... ነው ያላት።"

ትሪው ወደቀ። ምስሩ አልጋ ሥር ድረስ ተበተነ።

"ተኬ! ምን አልክ? ድገመው!"

"ታክሲ።"

ምራቃቸው ወረደ። እትዬ ወርቅዬ ተንደርድረው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው። ጋሼ አፋቸውን መልሰው የሚዘጉ መስሎኝ ነበር። አልዘጉም።

"ሌላውስ?" አሉ እትዬ ወርቅዬ እግራቸው ሥር ተንበርክከው። "አልተቀየምኩሽም የተባለውስ? እሱም ውሸት ነው?"

ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሱና ነጠላውን ከነሚስታቸው እጅ ያዙት።

"ሰውዬው... አላላትም" አሉ። ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፣ ሳክስፎን ሊነፉ እንደሚስቡት ይመስለኛል። "እኔ... ነኝ... ያልኩሽ።"

እትዬ ወርቅዬ ፊታቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ደፉ። ጣቶቹ አሁን ጀርባቸው ላይ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ቴሌቪዥኑን የሚያይ ሰው የለም። እኔም ላለማየት ምስር ስለቅም፣ ስለቅም፣ ስለቅም ቆየሁ። ግን ሰው ስንት ሰዓት ዝም ብሎ ይለቅማል?

"እንግዲህ እትዬ፣ ያዩልኝ!" አልኩ ብድግ ብዬ። "ሐኪሙ ሦስት ወር ሙሉ ያቃተውን እኔ በአንድ ፊልም! ጋሼ፣ እስቲ እውነቱን ይመስክሩ፤ ያናገርኩዎት እኔ አይደለሁም?"

ጋሼ ተካልኝ ጊዜ ወስደው ወደ እኔ ዞሩ።

"የተናገርኩት" አሉ፣ "አንቺ... ዝም... እንድትይልኝ ነው።"