የእማማ ብርቄ ጓርየ

ሰፍያ ሳህኗን ከአጉሊ መነጽሩ ላይ አንስታ መልሳ አስቀመጠች፤ ስታየው ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ያው ነው። በሕይወት ያለ ሴል የተጨመረበትን ቀለም ጠጥቶ፣ የአጉሊ መነጽሩ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ያበራል። ይሄኛው ድፍን ጨለማ ነው።

ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ማንም ላይ አይላከክም። ለአረፋ ቡታጅራ ልትሄድ "ሚኒባሱ ሊሞላ ነው" ብለው ሲደውሉላት፣ ብርሃኑን ሳታጠፋ፣ ሳህኗንም ሳትመልስ በሩን ቆልፋ ሮጠች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እሷ ቤተሰቧ ዘንድ ሥጋ ስትበላ ብርሃኑ ሴሎቹን ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠብሳቸው ሰነበተ።

ሴሎቹ እማማ ብርቄ ከአገና በኮባ ጠቅልለው ካመጡት እንሰት የተወሰዱ ናቸው። ጓርየ ይባላል፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው እንዲጠግነው ሥሩን፣ አሚቾውን፣ ቀቅሎ ይበላዋል። በሽታ የመንደሩን እንሰት ሲያጠወልገው፣ ሰፍያ የምትሠራበት የወልቂጤው ቤተ ሙከራ ዘሩን አባዝቶ ሊመልስላቸው ቃል ገባ። የቀረችው ይህች ሳህን ብቻ ነበረች። ዛሬ እማማ ሊያዩት መጥተው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

"የሌላ እንሰት ሳህን አሳዪያቸው" አላት ባልደረባዋ ባልቻ። "ለእሳቸው አረንጓዴ ሁሉ አንድ ነው።"

ገደልኩት ማለቱን አፈረች። አፍራም የሌላ እንሰት ሳህን አስገባች።

እማማ ብርቄ ተጠርተው ገቡ፤ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው አጉሊ መነጽሩ ላይ አጎነበሱ።

"ውይ! ይሄ የኔ ጓርየ ነው?"

"አዎ" አለች ሰፍያ።

"ተመስገን! ጓሮዬ አንዲት ቀርታኝ፣ ዘር ይጠፋል ብዬ ስሳሳላት ነበር። ልጄ አቡሽ ከሞተር ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። በቃ፣ ነገ ነቅዬ አበላዋለሁ። አንቺ እያለሽልኝ ምን አሳሰበኝ?"

ባልቻ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሰፍያ ሳህኑን አውጥታ የጨለመችውን አስገባች።

"እማማ፣ እንደገና ይዩ።"

"ምንም የለም እኮ!"

"የእርስዎ ይሄ ነው። እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ሚኒባስ ሞላ ብለውኝ ለበዓል ስሮጥ ብርሃኑ ላይ ትቼው ሄድኩ። ቅድም ዋሸሁዎት።"

እማማ ብርቄ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

"ታዲያ ልጄን ምን ላብላው?"

"ያችኑ ያብሉት። ነገ ሲነቅሏት ግን እኔ አጠገብዎ ልሁን። ዘሩን እንደገና ለማባዛት ከመሐሏ አውራ ጣት የምታህል ቡቃያ ትበቃኛለች፤ ሌላው ለአቡሽ ነው።"

"ባይበቅልልሽስ?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ጥፋትሽን ጓሮዬ አልተክለው!" ብለው ወደ በሩ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። "የምትመጪ ከሆነ ዛሬ ነው፤ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ። ነገ ደግሞ ሚኒባስ ሞላ እንዳትዪኝ።"

ሰፍያ መጀመሪያ ብርሃኑን አጠፋች። ከዚያ ጋዋኗን አውልቃ ተከተለቻቸው።