የሁለት አረጋሾች ደብዳቤ

አዲሱ የመቅጫ ሕግ አዳማ በደረሰ ሰሞን መጀመሪያ የተከሰሰው ወንበዴ አልነበረም፤ የፖስታ ጸሐፊው መርዳሳ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ አንድ ደብዳቤ አልጠፋበትም። ለክስ ያበቃውም ደብዳቤ ለባለቤቱ ማድረሱ ነው፤ ጉድ በሉ።

ከድሬዳዋ በባቡር የመጣው ፖስታ «ለወይዘሮ አረጋሽ፣ አዳማ» ከማለት በቀር የአባት ስም እንኳ አልነበረውም። በከተማው ደግሞ ሁለት አረጋሾች አሉ፤ አንዷ ቅቤ ነጋዴ፣ ሌላዋ የእህል ነጋዴው የገርባ ሚስት። ተጠርተው መጡና ሁለቱም «የኔ ነው» አሉ። ደንቡ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ሳይከፈት ወደ አዲስ አበባ ይመለስ ይላል። መርዳሳ ግን ከተመለሱት አንዱም ዳግመኛ ሲመጣ አላየም። ሴቶቹን አሰናበተና ከፈተው።

«ልጅሽ ዙለይካ ሰባት ዓመት ሞላት። እንዳንቺው አገጯ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት። እናቴ የት ናት ትለኛለች። ሳሊህ።»

አገጯ ላይ ነጥብ ያላት የገርባ ሚስት ናት። ገርባ ደግሞ ልጃገረድ ያገባ ይመስለዋል። መርዳሳ ለብቻዋ አስጠርቶ፣ ማንበብ ስለማትችል ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበላት። አለቀሰች። ቤቷ ገብታ ወረቀቱን አቃጠለችው፤ ፖስታውን ግን አልጨከነችበትም። ከሳምንት በኋላ ባሏ አገኘው።

«ጸሐፊው ባዶውን ነው የሰጠኝ፤ ተቀዶ» አለችው።

ገርባ ከሰሰ።

ዳኛው ፊታውራሪ ወዬሳ መርዳሳን ያውቁት ነበር፤ ሊያድኑትም ፈልገዋል። «ሁለት ሴቶች የኔ ነው ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ባለቤቱን ለመለየት በቅን ልብ ከፍተኸው ከሆነ በተግሣጽ አልፍሃለሁ። ብቻ ውስጡ የነበረው የት እንደደረሰ ንገረኝ» አሉት።

እውነቱን ቢናገር ከሰዓት በኋላ ሥራው ላይ ነው። መርዳሳ አንዴ ወደ አረጋሽ አየ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ከባሏ ጎን ቆማለች።

«ገንዘብ ያለበት መስሎኝ ነው የከፈትሁት» አለ። «ወረቀት ብቻ ሆኖ ሳገኘው ሳላነበው ጣልሁት።»

ፊታውራሪ አዘኑበትም ተናደዱበትም። ከሥራው ተባረረ፤ አንድ ዓመት እስራትም ተፈረደበት። አሁንም ሊያድኑት ፈልገው ወደ አረጋሽ ዞሩ።

«ተበዳይዋ አንቺ ነሽ፤ ይቅር ካልሽው እስራቱን አነሳለታለሁ።»

ገርባ ሚስቱን አየ። እሷ መርዳሳን አየች።

«ይቀጣ» አለች።

ከፍርዱ ይልቅ ይህ ቃል አቆሰለው። ግን አልፈረደባትም። ይቅር ብላው ቢሆን፣ ገርባ ቤት ሲደርስ «ለምን?» ይላት ነበር።