የመገጭ እንግዶች

ወይዘሮ ሽታዬ ጎንደር ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጣሊያኑ ጎረቤቷ ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት ቀያይ ዓሦች ከነመስታወት ገንዳቸው ትቶላት ሄደ። የስፌት መኪናዋን እየዘወረች ዓይኗን ከእነሱ አትነቅልም። ይተኛሉ? ውሃ ይጠማቸዋል? ስትል ትውላለች።

አንድ ቅዳሜ ወንድሟ አላምረው ከመገጭ ወንዝ ሁለት ትንንሽ ዓሦች በቅል አመጣና፣ "ዘመድ ይሁኗቸው" ብሎ ገንዳው ውስጥ ለቀቃቸው። በሳምንቱ ቀያዮቹ ገላቸውን ከገንዳው ድንጋይ ጋር ይፈትጉ ጀመር። ቀርባ ብታይ የጤፍ ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነገር ክንፋቸውን ወሮታል። የመገጮቹ ግን ሽር ይላሉ።

"ዓይን ነው" አሏት ጎረቤቷ እማሆይ አመተ ሥላሴ።

"ዓይን ከሆነ ምነው የመገጮቹን ዘለላቸው?"

ያን ሰሞን የአባቷ ወንድም አያ ዋኘው ከኮሶዬ ገብስ ይዘው ወርደው እሷ ቤት አረፉ። ገንዳውን ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ "እንግዶቹ የትኞቹ ናቸው?" አሉ።

"ግራጫዎቹ። እነሱማ ደኅና ናቸው፣ አያ።"

"እሱ ነው እኮ ነገሩ! እኔ ከትክል ድንጋይ ገበያ በሬ ስገዛ፣ የቱንም ያህል ሸጋ ቢሆን ወር ሙሉ ለብቻው ነው የማስረው። እሱ የለመደው በሽታ የኔን ከብት ይፈጅብኛል።"

"መድኃኒቱስ?"

"የዓሣ ምን አውቄ! ቁስል ግን ጨው ይወዳል።"

ሽታዬ የመገጮቹን በገንቦ ለየቻቸው። ቀያዮቹን ሁሉ በአንዴ ጨው ውስጥ መክተት ግን ፈራች። አንዱን ብቻ ውሃ ያለበት ገበቴ ውስጥ አድርጋ ጨው ቆነጠረችበት። ውሃውን ብትቀምሰው እንባ እንባ ይላል። በማግሥቱ ደገመች። እየተመላለሰች ስታይ ስፌቱ ቆመ፤ የቀሚስ ባለቤቶችም አኮረፉ።

በአራተኛው ቀን የገበቴው ዓሣ ክንፍ ጠራ፤ የዳቦ ፍርፋሪ ብትጥልለት ጎረሰ። በደስታ ወደ ገንዳው ዞር ስትል፣ ከቀሩት ሁለቱ አንዱ በጎኑ ተንሳፍፏል።

"ምነው ትናንት ጨው በጨመርኩልህ!" አለች። የቀረውን ወዲያው ወደ ጨው ውሃው አዛወረችው። እሱስ ዳነ።

አላምረው የመገጮቹን ወደ ወንዛቸው ሊመልስ ሲመጣ ገንቦውን አልሰጥ አለችው።

"ቆይ እስቲ። ገላቸው ላይ ነጭ ነገር የለ፤ በሽታውን የት ነው የደበቁት?"

ወንድሟ ሳቀ። እሷ ግን የመገጮቹን የምትመረምርበት ሌላ ገበቴ ልትዋስ እማሆይ ዘንድ እየሄደች ነበር።