ማን ይቅደም

ዶክተር ሽመልስ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ መቀሌ ማስተማር ከጀመረ አንስቶ በየዓመቱ ለተማሪዎቹ አንድ የምሥራች ይነግር ነበር፤ መብራት ሲጠፋ የያዘውን የማይረሳው አዲሱ የኮምፒውተር ሜሞሪ በመጪው ዓመት አሮጌውን ከገበያ ያስወጣዋል። መጪው ዓመት ይመጣል፤ አሮጌው ሜሞሪ እንደተከበረ ይቀመጣል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዶክተሩ ያውቃል። «ቺፕ አምራቾች ፈሪዎች ናቸው!» ይላል ክፍል ውስጥ። ቺፕ አምራቾቹ እስካሁን መልስ አልሰጡም።

ኢኽላስ የምትባል የቀድሞ ተማሪው ውጭ አገር፣ በአንድ ቺፕ አምራች ኩባንያ፣ ያውም አዳዲስ ሜሞሪ በሚመረምረው ክፍል ትሠራለች። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው መቀሌ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ ናቸው። ለእረፍት ስትመጣ ዶክተሩ ቤተሰቧን ቀድሞ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ተገኘ። ሻንጣዋን እንኳ ሳይቀበላት፣ «እህ፣ ወሰኑ?» አላት።

«መጀመሪያ ቤት እንግባ፣ ዶክተር» አለች እየሳቀች።

ቤት ተገባ። እናቷ ረምላ ለእንግዳው ለብቻው ሽሮ ሠርተው ነበር፤ እሱ ግን ጥያቄውን እንጂ እንጀራውን አልቆረሰም።

«ሦስት ዓይነት መረመርን» አለች ኢኽላስ። «ሦስቱም ይሠራሉ።»

«ታዲያ?»

«ችግሩ እሱ ነዋ! አንዱን መርጠን ፋብሪካችንን ከቀየርን በኋላ ተፎካካሪዎቻችን ሌላውን ቢመርጡስ? እኛ እነሱን እንጠብቃለን፤ እነሱም እኛን።»

«ለመሆኑ ‹ይጠበቅ› ብሎ የፈረመው ጀግና ማነው?»

ኢኽላስ ውሃ ተጎነጨች። «እኔ ነኝ።»

ሽመልስ እጁን ከትሪው አነሳ። ካስተማራቸው ሁሉ የተመካው በእሷ ነበር።

ረምላ ደነገጡ። «ኧረ በአላህ ይብሉ! ሜሞሪው ይደርሳል፤ የሚቀዘቅዘው ሽሮው ነው።»

«ዶክተር፣» አለች ኢኽላስ ቀስ ብላ፣ «አምና አዲሱ ሜሞሪ የተገጠመባቸው የሙከራ ቦርዶች ልኬልዎት አልነበር? ውጤታቸው እንዴት ሆነ?»

ቦርዶቹ ከነላስቲካቸው የሽመልስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝተዋል። ቢበላሹ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው? ሌላ መምህር ቀድሞ ቢሞክራቸው ምን ነበረበት?

«ሁኔታውን... እያጠናሁ ነው» አለ። የማን ቋንቋ እንደሆነ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ኢኽላስ ጨዋ ልጅ ናትና ሽሮውን ወደ እሱ አስጠጋችለት። ከዚህስ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በማግሥቱ ላቦራቶሪ ገብቶ ላስቲኩን ቀደደ። የመጀመሪያውን ቦርድ ገመዱን አዛብቶ ሰክቶ አቃጠለው፤ የሙያ ሰው አይደል! ሁለተኛው ሠራ። ሰላማዊ የምትባል ተማሪው የአፈር እርጥበት መለኪያዋን አገናኘችበት። ከምሳ በፊት መብራት እንደ ልማዱ ሄደ። ሲመለስ መሣሪያው ካቆመበት ቀጠለ።

«ኣይረስዐን!» ብላ ጮኸች ሰላማዊ በትግርኛ። እውነትም አልረሳም። ሽመልስ እንባው እንዳይታይበት ወደ መስኮቱ ዞረ።

የተቃጠለውንም ሳይደብቅ ውጤቱን ሁሉ ለኢኽላስ ላከላት። እሷም ‹ይጠበቅ› ያለችውን ሐሳቧን ስባ፣ በስብሰባ ላይ ከአለቆቿ ጋር ተከራከረች። ትልልቆቹ ሰዎች እጅግ ተደነቁ፤ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴውም ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። በመጨረሻ ኩባንያው ደፈረ፤ አዲሱን ሜሞሪ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን በምትሠራ አንዲት ቺፕ ላይ ሊያስገባው ተስማማ።

ሽመልስ ወሬውን ሲሰማ ተማሪዎቹን ሻይ ጋበዘ። ዓለምን መውረስ ከልብስ አጠባ ቢጀመር ምን ነውር አለው?