ቡኒ በር

"ነጭ ነው ያልኩህ፣ ወንድሜ! ይቺን የምታክል ክፍል ጥቁር ቡኒ ቀብተህ እናቴን ዋሻ ውስጥ ልታስገባት ነው?" አለች ልጅየዋ።

ቀለም ቀቢው ሮለሩን እንደያዘ ወደ እናትየዋ ዞረ። እናትየዋ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አኩርፈዋል።

"የምተኛበት እኔ ነኝ። ቡኒ ብያለሁ፣ ቡኒ!"

"እማዬ፣ ጨለማ የወደድሽው ከመቼ ወዲህ ነው? ደሞ ግንባርሽ ምን ሆኖ ነው ያበጠው?"

"ቁም ሳጥኑ ነው። አንቺ ደግሞ ነገር አታብዢ።"

የልጅየዋ ስልክ ጠራ። እየተነጫነጨች በሩን ዘግታ ወደ ግቢ ወጣች።

ቀቢው በቀለም የተነሳ የተኮራረፉ ባልና ሚስት ስንቱን አይቷል፤ እናትና ልጅ ሲሆኑ ግን ይብሳል። ነገሩን ለማብረድ ያህል የሚጠጣ ውሃ ለመናቸው። እናትየዋ ፈጠን ብለው ተነሱና ከበሩ አንድ እርምጃ ርቀው ከግድግዳው ጋር ተላተሙ። ግድግዳው ትናንት ስቱኮ ለብሶ ነጭ ሆኗል፤ በሩም ነጭ ነው። እጀታውን በእጃቸው እየዳበሱ ሲፈልጉ ያን ጊዜ ገባው።

"እማማ፣ በሩ አይታይዎትም እንዴ?"

"ቀስ በል፣ ትሰማሃለች!" አሉ። "ግድግዳው አረንጓዴ ሳለ በሩ ይለይልኝ ነበር። አሁን ሁሉም አንድ ሆነብኝ።"

"ታዲያ ለምን አይነግሯትም?"

"ብነግራት ዛሬውኑ ጠቅልላ እሷ ቤት ነው የምትወስደኝ። ትወደኛለች እኮ! ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ተቆልፎብኝ ከምውል፣ እዚሁ ቤቴ ከግድግዳ ጋር ብጋጭ ይሻለኛል።"

ቀቢው ሳቁ መጣ፤ ከሳቁ ይልቅ ግን አሳዘኑት። ውሃውን ትቶ ክንዳቸውን ይዞ መልሶ አስቀመጣቸው።

ልጅየዋ ስትመለስ ጉሮሮውን ጠረገ። "እህቴ፣ ግድግዳው እንዳልሽው ነጭ ይሁን። በሩንና መቃኑን ግን ቡኒ ላድርገው። የማብሪያ ማጥፊያውንም ዙሪያ። አሁን ፋሽኑ እንደዚህ ነው።"

"የማብሪያ ማጥፊያ ዙሪያ? እንዲህ ያለ ፋሽን ደግሞ የት አየህ?"

ቀቢው ጎንበስ ብሎ ቀለሙን ማማሰል ጀመረ። ልጅየዋ ነጩን በር አየች፣ ነጩን ግድግዳ አየች፤ ከዚያ ዓይኗ እናቷ ግንባር ላይ ቆመ። ልትናገር አፏን ስትከፍት እናትየዋ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጠበቁ።

"እሺ፣" አለች በመጨረሻ። "ቡኒው ከተረፈህ የውጪውንም ደረጃ ጫፍ ጫፉን ቀባልኝ።"